መስመር፣ ሞላላና ሳጥን፦ እጅ የሚማርበት የቆየ መንገድ

በየኅብረታችን ለጉባኤ መድረክ ሲሰናዳ፣ ወይም ለሰንበት ትምህርት ልጆች የኖኅን መርከብ የሚሥል ሰው ሲፈለግ፣ የሁሉም ዐይን ወደ አንድ ልጅ ይዞራል። «እሱ ተሰጥኦ አለው» ይባላል። የቀረነው «እኔ ሰው ብሥል ሹካ ነው የሚመስለው» ብለን ሥቀን እንቀመጣለን። ቀልዱ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ነገር ግን በስምንት ዓመቱ «አንተ አትችልም» ተብሎ እርሳሱን ያስቀመጠ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው የሚፈልገውን በር በወረቀት ላይ ነድፎ ለበያጁ ማሳየት ያቅተዋል። በእጅ ሙያ እንጀራውን ሊበላ የሚያስብ ወጣት በበዛበት ዘመን ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ታሪክ ሲጠየቅ ግን ሌላ መልስ ይሰጣል። በአገራችን በእጃቸው ሥራ የታወቁት ሰዎች መጀመሪያ የተማሩት መስመር ማስመርን ነበር። ብዙዎቹም ይህን የተማሩት በመምህር እግር ሥር ተቀምጠው ነው። የማደሪያው ድንኳን ሠሪ ባስልኤል እንኳ ጥበብ እንደተሰጠው በተነገረበት በዚያው ምዕራፍ (ዘፀአት 35) ሌሎችን እንዲያስተምርም ልብ እንደተሰጠው እናነባለን። ትምህርት ካለ ደግሞ ልምምድ አለ።

ልምምዱ ምንድን ነው? ሥዕል የሚያስተምር ሰው ለጀማሪ የሰው ፊት ሣል ብሎ አይሰጥም። ሁለት ነጥብ ያስቀምጥና ያለ ማስመሪያ በአንድ ትንፋሽ አገናኛቸው ይላል። አንጓ ብቻውን ሲንቀሳቀስ መስመሩ ይጎብጣል፤ ክንድ ከትከሻ ሲንቀሳቀስ ግን ይቀናል። ገጹ እስኪሞላ ይህን መደጋገም ነው። ከዚያ ሞላላ ክብ ይመጣል። የቡና ሲኒ ከላይ ቁልቁል ስናየው አፉ ድፍን ክብ ነው። ቀስ እያልን ወደ ዐይናችን ከፍ ስናደርገው ክቡ እየጠበበ ሞላላ ይሆናል፤ ዐይናችን ትክክል ሲደርስ መስመር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህም ከዐይን በታች የተቀመጠ ረጅም ብርጭቆ ስንሥል የታችኛው ሞላላ ከላይኛው ይልቅ ሰፋ ማለት አለበት፤ ከዐይናችን የራቀው እሱ ነውና። ጀማሪ ሁሉ የብርጭቆውን ታች ቀጥ ባለ መስመር የሚዘጋው፣ ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ መቀመጡን ስለሚያውቅ ነው። እጁ የሚያየውን ትቶ የሚያውቀውን ይሥላል።

ሦስተኛው ሳጥን ነው። ቀጥ ባለ መንገድ መካከል የቆመ ሰው ሁለቱ የመንገዱ ጠርዞች ሩቅ ላይ ሲገናኙ ያያል። የሚገናኙት በዐይኑ ከፍታ፣ በአድማስ መስመር ላይ ነው። የሳጥን ጠርዞችም ከእኛ እየራቁ ሲሄዱ እንዲሁ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባሉ። ይህን አሠራር ሠዓሊዎቻችን ፐርስፔክቲቭ ይሉታል። እነዚህን ሦስቱን የያዘ ሰው ብዙ ነገር ይዟል፤ ጋሪ ማለት አንድ ሳጥንና ሁለት ሞላላ ነው፣ ከበሮ ሁለት ሞላላና ሁለት መስመር ነው፣ የሣር ጎጆም ክብ ግድግዳና ሾጣጣ ጣሪያ ነው።

እነዚህ ሦስቱ በአገራችን እጅ መቼ ገቡ ካልን፣ ከወረቀትም ከብራናም በፊት ድንጋዩን ማየት ይሻላል። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በላዩ የተቀረጹት የፎቅ መስኮቶች በረድፍ በረድፍ ተሰልፈው እስከ ጫፉ ይወጣሉ። ይህ ሥራ በዐይን ግምት ብቻ የሚሆን አይደለም። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከዚህ ያስደንቃል። ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየጨመረ ሲሠራ ያጠፋውን ማፍረስ ይችላል፤ ከአንድ ዐለት ከላይ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ቆፍሮ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቤት የሚያወጣ ሰው ግን የቆረጠውን አይመልሰውም። የመጀመሪያው መሮ ከማረፉ በፊት ሳጥኑ ከነውስጡ፣ ከነመስኮቱ በልቡ ቆሞለት መሆን አለበት። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ጥቂት ቆይቶ ያስፈልገናል።

መስመር በእጅ የመለማመድ ሥራ ሰፍቶ የምናገኘው በብራና ላይ ነው። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆና ተልጎ ከተቆረጠ በኋላ ጸሐፊው ወዲያው ወደ ቀለም አይሄድም። በዳርና በዳር በወስፌ ጫፍ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ከዚያ ደብዛዛ ጫፍ ባለው ነገር፣ ቀለም ሳይነካ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያሰምራል። ብራናው ላይ የሚቀረው ስርጉድ ብቻ ነው። ዛሬም አንድ የድሮ ብራና ወደ ብርሃን ዘንበል ቢደረግ ያ ስርጉድ መስመር ይታያል። ቁም ጸሐፊ ለመሆን የሚማር ደቀ መዝሙር ይህን ሁሉ ከመምህሩ ሥር ሆኖ፣ እየገለበጠና እየደገመ ይማር ነበር። ፊደሎቻችንን ተመልከቷቸው፤ በ«በ» ውስጥ ሁለት ቋሚ እግር አለ፣ በ«ዐ» ውስጥ ክብ፣ በ«ሠ» ውስጥ ሦስት እግር። የመቃ ብዕር ይዞ አንድን ዳዊት ከዳር እስከ ዳር የገለበጠ ሰው ዛሬ በሥዕል ትምህርት ቤት ከሚታዘዘው የበለጠ ቋሚና ክብ አስምሯል። ማንም ግን «የመስመር ልምምድ ሠራ» አይለውም፤ ዳዊት ጻፈ ይባላል እንጂ።

በምዕራፎች ራስ ላይ የምናየው ሐረግ የሚባለው ጌጥም እንዲሁ ነው። እንደ ተክል ሐረግ የሚጠማዘዙ መስመሮች አንዱ ባንዱ ሥር እየገቡ ይወጣሉ። ይህ ጥበብ በተለይ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አብቦ ነበር። ሐረግ ሞክሮ የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። የትኛው መስመር ከላይ፣ የትኛው ከሥር እንደሚያልፍ አንድ ጊዜ የሳተ ግን እስከ መጨረሻው ይስታል።

ወደ ሥዕሉ ስንመጣ ጥያቄ ይነሳል። (ስለ ቅዱሳት ሥዕላት በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለውን የትምህርት ልዩነት እዚህ አናነሳም፤ የምናየው የእጁን ሥራ ነው።) በድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ውስጥ ጥልቀት ያለው ሳጥን ብዙም አይገኝም። ጠረጴዛ ይሣላል፤ ላዩ ግን ከሰማይ የታየ ያህል ተገልጦ፣ እግሩም ከጎን ታይቶ ነው። ደጋግ ሰዎች በሁለት ዐይን፣ ከፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ከጎን፣ በአንድ ዐይን። ንጉሡ ከአጠገቡ ከቆመው አሽከር በእጥፍ ይገዝፋል። የውጭ አገር ጎብኚዎች ይህን እያዩ «ፐርስፔክቲቭ አያውቁም ነበር» ብለው ያለፉበት ጊዜ አለ። እኛም ራሳችን ይህን ስንደግም እንሰማለን።

በእኔ እምነት ይህ ፍርድ የተቻኮለ ነው። ፐርስፔክቲቭ በሕግ የተያዘው በኢጣሊያዋ ፍሎረንስ ከተማ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ የተባለው ሕንፃ ሠሪ አንድን ቤተ ክርስቲያን ልክ ዐይን እንደሚያየው አድርጎ በሰሌዳ ላይ ሣለ። ሰሌዳውን በስቶ፣ ተመልካቹ ከጀርባው በቀዳዳው አጮልቆ ሥዕሉን በመስታወት እንዲያይ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1435 ሌዮን ባቲስታ አልቤርቲ ሥርዓቱን በመጽሐፍ ጻፈው። ከዚያ በፊት አውሮፓም እንደ እኛ ነበረች። በዚያው ዘመን ደግሞ አገራችን ከኢጣሊያ ከተሞች ተቆርጣ አልነበረችም፤ የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1402 ቬኒስ ደርሰዋል። ቆይቶም ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ መጥቶ በአገራችን ለአሠርት ዓመታት ኖሯል፣ ሠርቷል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አግኝቶታል። ስለ ብራንካሌዎን የሚነገር ታሪክ ይገርማል። ብራንካሌዎን ማርያም ሕፃኑን በግራ ክንዷ እንደያዘች ስለ ሣለ ትልቅ ሁካታ ተነሥቶ ነበር፤ ግራ እጅ የክብር ቦታ አይደለምና። ሰዉ የጠየቀው ጌታን በየትኛው ወገን አኖርከው ብሎ ነው።

ከዚህ የምረዳው ሁለት ዓይነት ሥርዓት እንደነበረ ነው። የፍሎረንሱ ሠዓሊ ቅርብ ያለውን ትልቅ፣ ሩቅ ያለውን ትንሽ ያደርጋል፤ ሁሉም ነገር የሚለካው አንድ ሰው ከቆመበት ቦታ ነው። የእኛ ሠዓሊ ግን የከበረውን ትልቅ፣ ያነሰውን ትንሽ ያደርጋል፤ ተመልካቹ የት ቆመ የሚለው አያስጨንቀውም። ቤተ ጊዮርጊስን ከዐለት ያወጣ ሕዝብ ሳጥን በልቡ መያዝ አቅቶት ነበር ማለት አይቻልም። በሥዕል ላይ ሳጥኑ ሌላ ሥራ ስለነበረው ነው።

ወደ ራሳችን ደጋ እንምጣ። በአርሲና በባሌ፣ በተለይ በኮፈሌና በዶዶላ በኩል የተጓዘ ሰው በመንገድ ዳር የተሣሉ መቃብሮችን ሳያይ አይቀርም። እንደ ሳጥን በድንጋይ ተሠርተው ፊታቸው በቀለም ያጌጠ ነው። ፈረሰኛ ጦሩን እንደያዘ፣ ከብት፣ አንበሳ ይታይባቸዋል። ፈረሱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከጎን ነው የሚሣለው፤ አንገቱ፣ ጀርባውና ጭራው ሳይቋረጥ በአንድ መስመር ይሄዳል። ሠሪዎቹ የማንም ትምህርት ቤት ተማሪዎች አልነበሩም። እዚህ ሳጥኑ ራሱ ቆሟል፤ ሠዓሊው በላዩ መሣል ብቻ ነው የቀረው። የአርሲን የጥበብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከእነዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ፐርስፔክቲቭን በትምህርት ቤት ሥርዓት ለመማር ወደ ውጭ ከሄዱት የአገራችን ልጆች ቀዳሚው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። በመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲነቱ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሥዕል ለመማር ኢጣሊያ፣ ቶሪኖ ከተማ መላኩን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። የተወለደው በጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌ ነው። የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናቸው፤ ከክቡ ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ ይቆማል፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሥዕል። ክብና ሳጥን እያየ ያደገ ልጅ ማለት ነው። ከእሱ በኋላ አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ተማረ። አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ ሲላክ የማዕድን ምህንድስና ሊያጠና ነበር፤ ወደ ሥዕል የዞረው እዚያ ነው። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕሉ ለምህንድስና ቅርብ የሆነ እጅ እንደሚጠይቅ ማንም ቆሞ ቢያየው ይገባዋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መስታወት ድንበሩ መስመር ነው።

እስከዚህ ድረስ ለመማር ባሕር መሻገር ነበረበት። በሩን በአገር ውስጥ የከፈተው አለ ፈለገ ሰላም ነው። የሰላሌ ሰው ነው። በአሜሪካ ቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ ተመለሰ። በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲቋቋም መሥራቹና ዳይሬክተሩ እሱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስሙ ይጠራል። ትልቁ ለውጥ እንዲህ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ያልሆነ፣ ወይም ቤተ መንግሥት የማያውቀው ወጣት የሥዕልን ትምህርት ከሥሩ የሚጀምርበት ቦታ አልነበረውም። አሁን ግን ተፈትኖ ይገባል፤ እንደማንኛውም ጀማሪ በእርሳስና በወረቀት ይጀምራል። ብልቃጥ፣ ጀበና፣ ሳጥን ከፊቱ ይቀመጥለታል። ብርሃኑ ከየት መጣ፣ ጥላው ወዴት ወደቀ፣ የብልቃጡ አፍ ምን ያህል ሞላላ ነው እየተባለ ይታረማል።

ከመምህራኑ መካከል የቅርጽ ሕትመት ያስተማረው ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ ነበረ። እንጨት ላይ ቀርጾ ማተም ለመስመር ልምምድ ጥብቅ መምህር ነው፤ እርሳስ ይጠፋል፣ የተቀረጸ እንጨት ግን አይጠፋም። ከሁሉ በላይ ግን እኔን የሚስበኝ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ነገር ነው። በሐረር የተወለደ፣ በጀርመን ኮሎኝ የተማረ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ መምህር ሆኖ የገባ ገጣሚና ሠዓሊ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ክቦችንና ቀለሞችን ብቻ ይዞ፣ ነገርን ሳያስመስል የሚሥል ዘመናዊ መሆኑን ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ግን ካህንና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። ስለ ጌታ ስቅለት የሣለውን «ጎልጎታ» የተባለ ሥራውን የምታገኙ ከሆነ ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት። ቅርጹን ወደ ጥቂት መስመር ዝቅ ለማድረግ የደፈረ እጅ፣ መስመር ብቻውን ምን ያህል መሸከም እንደሚችል የሚያውቅ ነው።

ዘሪሁን የትምጌታም የዚሁ ትምህርት ቤት ፍሬ ነው። የቀርከሃ ስንጥቆችን ጎን ለጎን እየገጠመ፣ በላያቸው የብራና ጥቅልሎችን የሚያስታውስ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር የአፍሪካ የሥነ ጥበብ ትርኢት ተሸልሟል። እኛ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በምናልፍባት በቢሾፍቱ ደግሞ ለማ ጉያ ነበሩ። በአየር ኃይል ያገለገሉ፣ በራሳቸው ጥረት የተማሩ፣ በፍየል ቆዳ ላይ የሰው ፊት በመሣል የታወቁ ናቸው። ትምህርት ቤት የገባውም ያልገባውም መጨረሻ ላይ ወደ ብራናና ወደ ቆዳ መመለሱ አይገርምም?

አሁን ለእኛ አካባቢ በጣም ቅርብ ወደሆነው ልምጣ። እሱም ከሥዕል አዳራሽ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ ካዱ ሲቋቋም፣ ዘርና ማዳበሪያ ከማዳረስ ጋር የእርሻ መሣሪያዎችን የማሻሻል ሥራም ነበረው። ማረሻ፣ ጋሪ፣ መውቂያ ይፈተሽ ነበር። ያ ሥራ ከስም ለውጥ ጋር ቀጥሎ ዛሬ በአሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል አለ። አንድ ጋሪ ለማሻሻል መጀመሪያ መሣል ያስፈልጋል። የሚሣለውም ሦስት ጊዜ ነው፤ ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን። ከዚያ ሦስቱን ወገን በአንድነት የሚያሳይ የሳጥን ሥዕል ይጨመራል። ቴክኒካል ድሮዊንግ የተማራችሁ አይሶሜትሪክ የምትሉት ነው።

በዚህ ሳጥን ላይ ጠርዞቹ ወደ አንድ ነጥብ አይሰበሰቡም፤ ጎን ለጎን እኩል ይሄዳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በያጅ ከሥዕሉ ላይ ልክ መውሰድ ይፈልጋል። ሩቁ ጫፍ ስለራቀ ብቻ ካጠረ፣ የሚቆርጠው ብረትም ያጥራል። ዐይን የሚያየውን ለማሳየት የሚሰበሰብ ሳጥን አለ፤ እጅ የሚሠራውን ለማሳየት የማይሰበሰብ ሳጥን አለ። አራቱንም ማዕዘን ለማሳየት የጠረጴዛውን ላይ ወደ እኛ የገለጠው የጥንቱ ሠዓሊና የጋሪውን ሦስት ወገን ለየብቻ የሣለው የአሰላ ቴክኒሻን በዚህ ጉዳይ ከብሩኔሌስኪ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ። ሁለቱም ነገሩ ከአንድ ሰው መቆሚያ ምን ይመስላል ከማለት ይልቅ ነገሩ ራሱ ምንድን ነው ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱን ሳጥን የለየ ወጣት የትኛውን መቼ እንደሚጠቀም ያውቃል።

ስለ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጂዮቶ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ ቫሳሪ እ.ኤ.አ. በ1550 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። የጳጳሱ መልእክተኛ የችሎታ ማሳያ ሥዕል ሲጠይቀው፣ ክርኑን ከጎኑ ላይ ደግፎ፣ ያለ መሣሪያ በአንድ እንቅስቃሴ ድፍን ክብ አሰመረና ሰጠው። መልእክተኛው «ሌላ የለም?» አለ። ጂዮቶም ይህ ይበቃል ብሎ መለሰው። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት፣ ለዘመናት የኖረው ሠዓሊዎች ስለወደዱት ነው፤ ከክቡ በስተጀርባ ስንት የተበላሸ ክብ እንዳለ ስለሚያውቁ።

ለልምምዱ የሚያስፈልገው አንድ እርሳስና የተጻፈበት ደብተር ጀርባ ነው። በሁሩታ ለሚኖሩ አንባቢያን ሞዴሉም በደጃቸው ያልፋል። ከኢተያ በኩል የሚመጣ ጋሪ ሩቅ ሲሆን ጎማው ቀጭን ቋሚ መስመር ነው። እየቀረበና ጎኑን እየሰጠ ሲመጣ ሞላላው ይከፈታል። ልክ ፊት ለፊታችን ሲያልፍ ድፍን ክብ ይሆናል፤ ካለፈ በኋላ እንደገና ይጠብባል። ያው አንዱ ጎማ ነው። ሦስቱንም በአንድ ገጽ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ላጲስ ሳትነኩ ሞክሯቸው፤ ፈረሱ ይቆይ።